ሐጂ ተቀምጠዋል ወይስ አልተቀመጡም

አስተማሪ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያስቆጠሩኝም አስተማሪዎች ናቸው፤ ቢሆንም አልወዳቸውም። ወልቂጤ ውስጥ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጎሚስታ ቤት አለኝ። ሾፌር ጎማው ተንፍሶበት ይመጣል፤ ዘገየህ ብሎ ይሰድበኛል፣ እኔም እሰድበዋለሁ፣ ጎማውን እጠግንለታለሁ፣ ተሳስቀን እንለያያለን። አስተማሪ ሲመጣ እንዲህ አይደለም። አጠገቤ ይቆምና "ጋሼ፣ ግፊቱ ስንት ደረሰ?" ይለኛል። "በቂ ነው" እለዋለሁ። "በቂ ቁጥር አይደለም" ይላል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይወራል?

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ወንዶቹ ገና ድምፃቸው ሳይጎረንን አዲስ አበባ ገብተው እዚያው ቀሩ፤ ለመስቀል ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። እሷ ግን ነርስ ሆና አታት ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ሥራ በማይኖራት ቅዳሜና እሁድ ሚኒባስ ይዛ ቤቷ ትገባለች። እሷ ስትገባ ቤቱ ቤት ይመስላል። አንድ ቀን የሚጠይቃት ሰው እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ማን እንዲመጣ እንደማልፈልግም አውቅ ነበር። አስተማሪ አልፈልግም። ከተራራው ወዲያ ማዶ ይዟት የሚሄድም አልፈልግም። እግዜር ሲያሾፍብኝ ከቡታጅራ አስተማሪ ላከ።

መስቀል አልፎ ነው፤ እንግዳው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ከተማው እፎይ ሲል። አንድ ረጅም ቀጭን ሰው የብስክሌት ጎማ በብብቱ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ያኔ ማንነቱን አላወቅሁም። ልጄ ታውቀዋለች፤ እናቷም ታውቀዋለች፤ ኋላ እንደገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። ሰውዬው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሊያየኝ ነው የመጣው። "አባቷ ሰው ይበላል" ብለውታል፤ ጥርሴን ሊያይ መጣ።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ?"

"ብስክሌቱስ?"

"ብስክሌት የለም፤ ጎማው ብቻ ነው።"

"የቀረውን ማን ወሰደው?"

ሳቀ። ቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማሪ መሆኑን፣ ጎማውን ለክፍል ማሳያ እንደሚፈልገው ነገረኝ። ዘንጉ ላይ በሁለቱም ጎን የሚያዝበት እጀታ እንዲገባለትና ቸርኬው እንዲከብድለት ይፈልጋል።

"ቡታጅራ ጎሚስታ ጠፋ?"

"አለ ጋሼ። የእርስዎን ሥራ ሰምቼ ነው።"

ውሸታም። የእኔን ሥራ ሰምቶ የብስክሌት ጎማ ተሸክሞ ተራራ የሚያቋርጥ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ግን ሙገሳ ነውና ዋጥኩት።

"ክብደቱ ዳር ዳሩን ይሁንልኝ" አለ። "መሃሉ ቢከብድ አይጠቅመኝም። ሲሽከረከር ጉልበት የሚኖረው ዳር ያለው ክብደት ነው።"

"ነገ ና" አልኩት።

እጀታውን ከብረት ቧንቧ ቆርጬ አበጀሁለት። ክብደቱን ግን አሰብኩበት። ጎማ የማክበድ ሥራ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የትራክተር የኋላ ጎማ ጭቃ ላይ እንዳይዘል ውሃ ይሞላል፤ ስንቱን ሞልቻለሁ። እንግዲያው ይሄም ጎማ ነው፣ ያም ጎማ ነው። የውስጡን ላስቲክ እስከ ግማሹ ውሃ ሞላሁና ዘጋሁት። በራሴም ኮራሁ።

በነጋታው አስተማሪው ሁለቱን እጀታ ይዞ ቆመ፣ እኔ በመዳፌ ጎማውን አሽከረከርኩት። ጎማው እንደ ሰከረ ሰው ሄደ። ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይናዳል፣ እንደገና ይወጣል። አስተማሪው ከእነ ጎማው ይናጣል። በደንብ ሳይዞር ፍሬን እንደያዙት ቀዝቅዞ ቆመ። እንደገና በኃይል ላዞረው ስል ቫልቩላው ተስፈነጠረና ውሃው ሰውዬውን ከአገጩ እስከ ቀበቶው አጠበው። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰው። የጎማ ውስጥ ውሃ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል።

አሁን ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ መልስ ነበር፤ ሳልናገረው ቀረ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን አሰበው?" አለኝ አገጩን እየጠረገ።

"ትራክተር።"

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ፤ ሲያስረዳ ደግሞ እጁ ዝም አይልም። "ቸርኬውን ሲያዞሩት ቸርኬው ይሄዳል፣ ውሃው ግን የተኛበት ነው" አለ። "ቸርኬው እየሮጠ ውሃውን ይቀሰቅሳል። ለመቀስቀስ ከራሱ ዙር ቆርሶ ይሰጠዋል። ሰጥቶ ሰጥቶ ራሱ ይደክማል። እኔ የምፈልገው ክብደት ከቸርኬው ጋር አብሮ የሚነሳ፣ አብሮ የሚሮጥ ነው።"

ይሄ ገባኝ። የተኛ ረዳት ይዞ የሚጓዝ ሾፌር ነው።

ስለዚህ ውሃውን ደፋሁና አሮጌ የመኪና ጎማ አወጣሁ። የከባድ መኪና ጎማ ከንፈሩ ውስጥ የብረት ሽቦ አለ፤ ጎማው ሲቃጠል ሽቦው ይቀራል። እሱን ቸርኬው ላይ ዙሪያውን ጠመጠምኩ፣ እያጠበቅሁ፣ በቀጭን ሽቦ እየወጠርኩ፣ አንድ ወገን እንዳያደላ በክሪክ ላይ አስቀምጬ እያሽከረከርኩ አስተካከልኩት። አስተማሪው አጠገቤ ቆሞ ሽቦውን ይይዝልኛል። ግፊቱ ስንት ነው አላለኝም።

ሲያልቅ አሽከርክሮ ሰጠኝ። "ይያዙት ጋሼ። አሁን ወደ ቀኝ ያዘንብሉት።"

ቀኝ እጄን ዝቅ አደረግሁ። ጎማው ወደ ታች አልሄደም፤ ጎኔን ይዞ ወደ ግራ ዞረ። አይ፣ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ጫንኩት። አሁንም ወደ ጎን። ወደ ላይ አነሳሁት፤ ወደ ሌላኛው ጎን። ኮርማ ይዤ አውቃለሁ፤ ኮርማ እንዲህ አያደርግም። ኮርማ ሲጎትቱት ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ይገባሃል፤ ትጣላዋለህ። ይሄ ግን ታች ስለው ጎን ይሄዳል።

"አንተ ምን ሆነህ ነው!" ብዬ ጮህኩበት።

"እኔን ነው?"

"ጎማውን ነው!"

ሚስቴ በር ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። "ወደ ታች ሲሉት ወደ ጎን" አለች። "እኔ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ምን ይደንቃል?"

አስተማሪው መሳቅም ፈራ፣ አለመሳቅም ፈራ። በረንዳው ማገር ላይ ገመድ አስሮ የጎማውን አንዱን እጀታ ብቻ በገመዱ አንጠለጠለው፤ ሌላኛው ጫፍ በእኔ እጅ ነው። ጎማውን በኃይል አሽከረከረና "ይልቀቁት" አለኝ።

"ይወድቃል።"

"ይልቀቁት።"

ለቀቅሁት። አልወደቀም። በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ፣ ዘንጉ እንደተጋደመ፣ አየር ላይ ቆመ። ቆመና ቀስ እያለ ገመዱን መዞር ጀመረ፤ ዝናብ ሲያባራ እንሰቱን እየዞረ እንደሚጎበኝ አባወራ፣ ሳይቸኩል። አፌን ከፍቼ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ከጎማ ጋር ኖሬ ጎማ እንዲህ እንደሚያደርግ ማንም አልነገረኝም። ትንሽ ተናደድኩ። ብዙ ነገር ሳይነገረኝ እንደኖርኩ ሳስታውስ ሁልጊዜ ትንሽ እናደዳለሁ። ግን ንዴቱ አልቆየም፤ ጎማው እየዞረ ነበርና።

"ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል" አለ አስተማሪው። "ባይሽከረከር ይወድቅ ነበር። የሚሽከረከር ነገር ግን አንጉላር ሞመንተም የሚባል አለው። ከባድ ሲሆንና ሲፈጥን ይበዛል፤ አቅጣጫም አለው፤ አቅጣጫው እንደ ዘንጉ ነው። ስበቱ ያንን አቅጣጫ ሊለውጠው ይታገላል። ግን መለወጥ የሚችለው ወደ ጎን ብቻ ነው። ዘንጉ ወደ ጎን ትንሽ ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር የሚገፋበትም ጎን አብሮት ይዞራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዙሪያውን ይሄዳል። ይሄ መዞሩ ፕሪሴሽን ነው የሚባለው። ጎማው እየደከመ ሲመጣ ደግሞ ይዩት፤ በዝግታ መዞሩን ትቶ ይቸኩላል፣ አፍንጫውንም ይደፋል።"

እውነቱን ነው። ሲደክም ቸኮለ፤ አፍንጫውን ደፋ፤ ተንጠለጠለ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ነገርኩት። የከባድ መኪና ጎማ በእጅ ሲገፋ ቢያዘነብል አይወድቅም፤ ወዳዘነበለበት ይታጠፋል። እኛ ጎማ የምንገፋ ሰዎች በዚህ ነው የምንመራው፤ አናቱን ጠጋ ታደርገዋለህ፣ ይታጠፍልሃል። "እሱ ነው!" ብሎ ዘለለ። "ጋሼ፣ ልክ እሱ ነው!" ካልሞከርኩ አለ። የአይሱዙ ጎማ ሰጠሁት። አናቱን ከሚገባው በላይ ገፋው፤ ጎማው ታጥፎ የጎረቤቴን የእንጨት አጥር ይዞ ገባ። አጥሩን አብረን አቆምን። ሸሚዙ ከዚያ በኋላ ነጭ ነበር ማለት አይቻልም።

ወደድኩት። ያኔ ብትጠይቁኝ ግን እክድ ነበር።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጨመረ፤ ሰው ተቀምጦበት በነፃ የሚዞር ወንበር። ከተጣለ አይሱዙ ላይ የጎማውን እምብርት፣ መካኒኮች ሞዞ የሚሉትን፣ ከእነ ኩሽኔታው ፈትቼ ግራሶ ሞላሁት፤ በላዩ የሚኒባስ ወንበር በያጁ ጎረቤቴ ገጠመልኝ። ቀለም ቀባነው። ሰኞ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና እልካለሁ ብሎ ወንበሩንም ጎማውንም ግቢዬ ትቶ ሄደ።

ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ሚስቴ፣ "ነገ ጠዋት ሰዎች ይመጣሉ" አለችኝ።

"የምን ሰዎች?"

"ሽማግሌዎች። ለልጅህ።"

እጄ ቆጮው ላይ ቀረ። "የማን ናቸው?"

"ሲመጡ ትሰማለህ። አሁን ብነግርህ ሌሊቱን ሙሉ ስድብ ስታዘጋጅ ታድራለህ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስማኝ። እምቢ ብትል ልጅህ ተጣልታህ አትሄድም። እንደ ሌሎቹ ልጃገረዶች ጠፍታም አታገባም። ላንተ ስትል ትተወዋለች። ትተወውና ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልብስህን ታጥባለች። ያንን ፊቷን ዕድሜህን ሙሉ ታየዋለህ። እንግዲህ አስብበት።"

አሰብኩበት። ያሰብኩት ግን እንዴት እምቢ እንደምል ነው።

እሁድ ማለዳ ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው የእምድብር ሰው ነው፤ ከድሮም የማውቀው፣ የጉራጌን ሥርዓት በቃሉ የሚያውቅ፣ ሲናገር እያንዳንዱን ነገር ሚዛን ላይ የሚያወጣ። ሁለተኛው የጎንደር ሰው ናቸው፤ ቡታጅራ መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው እዚያው ጡረታ የወጡ፤ ከረባት አስረው ነው የመጡት። ሦስተኛው የመስቃን ነጋዴ ናቸው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሐጂ የሚባሉ፤ የጠያቂው ጎረቤት ናቸው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ ሐጂ።

"ወአለይኩም ሰላም፤ ግቡ፣ አረፍ በሉ" አልኩ። ይሄ መባል ስላለበት ነው የተባለው።

የእምድብሩ ሰው በትሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ለጉዳይ ነው የመጣነው። ቃልህን ሳንሰማ አናርፍም" አለ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ለልጅ ሲመጣ አባት ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ አይቀመጥም። አባት ካልሰጠ ሳይቀመጥ ይመለሳል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ይመጣል። እንግዲህ ግቢው መሃል ሦስት ሽማግሌ ቆመው፣ እኔም ቆሜ፣ ዶሮዎቹ ብቻ እንደፈለጉ ይሄዳሉ።

"የማን ጉዳይ ነው?" አልኩ።

ጡረተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የጨዋ ልጅ ነው። የተማረ። ቡታጅራ ፊዚክስ ያስተምራል።"

ወዲያው ገባኝ። ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን ጎማ አየሁ፤ ወንበሩን አየሁ። ፊቴ ጋለ። "ይሄ ውሸታም! ግቢዬ ገብቶ፣ ውሃዬ ተረጭቶበት፣ አጥር አስፈርሶ! ሊሰልለኝ ነው የመጣው?"

"ሊያይህ ነው" አለ የእምድብሩ ሰው። "በሬ የሚገዛ ሰው አያይም?"

"እኔ በሬው ነኝ?"

"አማቱ ልትሆን ነው፤ ከበሬ ትብሳለህ።"

"አልሰጥም። አስተማሪ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ሰላይ ነው። ተመለሱ።"

"እንመለሳለን" አለ። "ለዛሬ ግን ገና ቆመናል።"

"ከቆማችሁ ቁሙ።"

ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ፀሐይዋ እየከረረች መጣች። ጡረተኛው ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ሐጂ እንደሌሎቹ ዝም ብሎ መቆም አይሆንላቸውም፤ ዓይናቸው ግቢውን ሲዞር ጎማው ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው? ለምን ሰቀልከው?"

አለመመለስ ነበረብኝ። ግን ይህን ነገር ካየሁ ጀምሮ ለማሳየት ሰው እየፈለግሁ ነው፤ ሾፌሮቹን ሁሉ አሳይቼ ጨርሻለሁ። "ይመልከቱ" አልኩና በኃይል አሽከርክሬ ለቀቅሁት። አየር ላይ ተጋድሞ መዞር ጀመረ።

"ቢስሚላህ!" አሉ ሐጂ ወደ ኋላ እያሉ።

"ማን ይዞታል?" አለ የእምድብሩ ሰው፤ ጎንበስ ብሎ ከታች አየ።

"ማንም አልያዘውም። መሽከርከሩ ነው የያዘው። ታች ሊጥለው ሲል ጎን ይሄዳል።" አስተማሪው እንዳስረዳኝ አስረዳሁ፤ ግማሹን አሳምሬ፣ ግማሹን አበላሽቼ። አንጉላር ሞመንተም የምትለዋን ሁለት ጊዜ አልኳት፤ አፌ ላይ ጣፍጣለች።

"ያኛውስ ወንበር?" ሐጂ ናቸው።

"እሱ ሰው ተቀምጦበት የሚዞር ነው። ጎማውን ይዘው ሲገለብጡት ሰውየው ራሱ ይዞራል፤ ማንም ሳይገፋው።"

"አይደረግም!"

"ይደረጋል።"

"ወላሂ አይደረግም!"

ክንዳቸውን ይዤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። እግራቸውን ከመሬት አነሱ። ጎማውን ከገመዱ ፈትቼ አሽከርክሬ፣ ዘንጉ እንደተጋደመ፣ ሁለቱን እጀታ አስጨበጥኳቸው። "አሁን ያቁሙት፤ አንዱ እጅ ላይ፣ አንዱ እጅ ታች።" ሐጂ ጥርሳቸውን ነክሰው ገለበጡት፤ ወንበሩ ከእነ ሐጂ ተነስቶ ዞረ። "ያ ረቢ!" አሉ። ወደ ሌላኛው ወገን ሲገለብጡት ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ። እንደ ሕፃን ሳቁ። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፤ ኮፍያቸው ወደቀ፤ ጡረተኛው አነሱላቸው፤ የእምድብሩ ሰው "እኔም! እኔም!" ይላል።

ሚስቴ ከበር ላይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሐጂ ተቀመጡ!"

ሁላችንም ደነገጥን። ሐጂ ግን መቆም አልቻሉም፤ ገና እየዞሩ ነው።

እጄን አጨበጨብኩ። "አለቀ! ቃሌን ሳይሰሙ ተቀመጡ! ጉዳዩን ትተዋል። ሥርዓቱ ይሄ ነው፤ ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ደህና ግቡ!"

"ቆይ" አለ የእምድብሩ ሰው፤ ሚዛኑን አወጣ። "መቀመጥ ማለት ምንድን ነው? ያረፈ ሰው ነው ተቀመጠ የሚባለው። ሐጂ አርፈዋል? በቅሎ ላይ ያለ ሰው ተቀመጠ ይባላል? መንገድ ላይ ነው እንጂ!"

"የት ሄዱ? እዚያው ናቸው!"

"እንኳን አርፈው፣ ጭንቅላታቸው የት እንዳለ አያውቁም።"

"አቁሙኝ" አሉ ሐጂ።

ጡረተኛው ጣታቸውን አነሱ። "በሥርዓት ከተነጋገርን እኔም የምለው አለኝ። ሐጂ በራሳቸው አልተቀመጡም። ክንዳቸውን ይዘው ያስቀመጧቸው እርስዎ ነዎት። ሽማግሌን በገዛ እጁ ያስቀመጠ አባት ምን አደረገ ይባላል? ቃሉን ሰጠ ነው የሚባለው! ልጅቷ ተሰጥታለች።"

"ምን?!"

"እውነት ነው" አለ የእምድብሩ ሰው፤ ፊቱ በራ። "በገዛ እጅህ!"

"እኔ ያስቀመጥኳቸው ለፊዚክስ ነው!"

"አቁሙኝ፤ በአላህ!"

ይሄኔ ልጄ ገባች። አታት ሌሊቱን ሠርታ፣ በሚኒባስ መጥታ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ። ያየችው አባቷ ሲጮህ፣ ሁለት ሽማግሌ ሲጮሁ፣ አንድ ሐጂ ወንበር ላይ ዓይናቸው ሲንከራተት ነው። ምንም አልጠየቀችም። ወንበሩን በእግሯ አስቆመች፣ ጎማውን ከእጃቸው ተቀበለች፣ "ሐጂ፣ ዓይንዎን ይግለጡና የእኔን ጣት ብቻ ይመልከቱ፤ አሁን ያልፍልዎታል" አለች። የእጃቸውን ምት ያዘች። ሐጂ እንደ ታዘዘ ልጅ ጣቷን አዩ።

ለሰው እንዲህ ጎንበስ ስትል ሥራዋ ላይ አይቻት አላውቅም ነበር። የማስበውን ሁሉ ተውኩት። ሥርዓቱን ተከራክሬ ላሸንፍ እችላለሁ፤ ጉልበቱ አለኝ። ካሸነፍኩ በኋላስ? በወንበር ተከራክሬ ልጄን ላስቀራት ነው? ወይስ በወንበር ተሸንፌ ልሰጣት?

"ስሙኝ" አልኩ። "በወንበር ልጅ አልሰጥም። በወንበርም አልከለክልም።" ወደ እሷ ዞርኩ። "አንቺ፣ ይሄን ሰውዬ ትፈልጊዋለሽ?"

ይህ አይደረግም። ሽማግሌ ፊት ልጅ አትጠየቅም። ጡረተኛው መሬት መሬት አዩ፤ ሚስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ ሰው ፊት ነው የምትጠይቀኝ?"

"እኔንስ ሰው ፊት አይደል የጠየቁኝ?"

የሐጂን እጅ አልለቀቀችም። "እፈልገዋለሁ" አለች። "አንተን ደስ ሳይልህ ግን አልሄድም።"

"ደስ ይለኛል ያለሽ ማነው? ደስ አይለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ባዶ ሊሆን ነው፤ ምኑ ነው ደስ የሚለኝ? ግን ሂጂ። እንዳይከፋሽ ብዬ አይደለም። ሰውዬው ሳቂታ ነው፤ ውሃ ደፍቼበት ስቋል፤ ጎማ ሲገፋም አይቼዋለሁ፤ አይችልም፣ ግን ይገፋል። ሂጂ። ደስታውን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።"

እሷ እየሳቀች አለቀሰች። እናቷ እልል አለች፤ ጎረቤት ያለ ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበሩ።

"ልጁስ የት ነው?" አልኩ።

"መናኸሪያው አጠገብ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል" አሉ ጡረተኛው።

"ተቀምጦ?! እናንተ እዚህ ቆማችሁ እሱ ተቀምጦ?! ጥሩት!"

ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ሐጂ ግን "አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ትንሽ ልቁም" ብለው ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ሚስቴ ክትፎውን ለሌሎቹ፣ ለሐጂ ደግሞ ቆጮ በአይብና በጎመን ለብቻ አቀረበች፤ ይህን ከትናንት ጀምራ አስባበታለች፤ እሺ እንደምል ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ባጃጁ በሩ ላይ ሳይቆም አስተማሪው ዘሎ ወረደ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ግቢውን አየ፤ አቧራ የያዘውን የሐጂን ኮፍያ አየ፤ ግድግዳ የተደገፉትን ሐጂን አየ፤ ጎማው ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለና መሃል ላይ ቀና ብሎ፣ "ሐጂ ሞከሩት?!" አለ። "ወደ ቀኝ ነው የዞሩት ወደ ግራ?"

"ወደ ቀኝ" አሉ ሐጂ።

"ወደ ግራ ነው፤ እኔ ቆሜ እያየሁ" አሉ ጡረተኛው።

"ጎማውስ ከላይ ሲታይ ወዴት ይዞር ነበር?"

ልጄ ወገቧን ይዛ ቆመች። "አንተ! መጀመሪያ ስለ እኔ አትጠይቅም? እሺ ይበል እምቢ ይበል ሳታውቅ?"

"አንቺንማ" አለ እየቀላ፣ "ከባጃጅ ስወርድ ፊትሽን አየሁት።"

ከዚያ በኋላ ማን ይስማው። ሐጂ ቀኝ አሉ፤ ጡረተኛው ግራ አሉ፤ የእምድብሩ ሰው ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የቆሙበት ነው የተለየው ብሎ ሚዛኑን አወጣ፤ አስተማሪው ደግሞ በጣቱ አየር ላይ ክብ እየሠራ ሁሉንም ያስረዳል። እኔ ክትፎዬን በላሁ። አንድ ቃል ብቻ ተናገርኩ፤ "መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" አልኩት፤ ታጠበ።